የሴንት ላምበርት ሙከራና ሥራውን የመሩት ሰዎች፦ ስለ ሁለት ቋንቋ ትምህርት በተጻፈ አንድ መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በሁለት ቋንቋ ስለሚሰጥ ትምህርት በሚደረገው ክርክር ውስጥ የአንዲት ትንሽ ከተማ ስም ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይህች ከተማ በካናዳ፣ በኬቤክ ክፍለ ሀገር፣ ከሞንትሪያል ፊት ለፊት በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ የምትገኘው ሴንት ላምበርት ናት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1965 በዚህች ከተማ 26 እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናት በአንድ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ተሰብስበው ከአስተማሪያቸው አንደበት ፈረንሳይኛ ብቻ መስማት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ያለው የካናዳ የፈረንሳይኛ ንክር ትምህርት፣ ማለትም ልጁን በትምህርት ሰዓቱ ሁሉ በሁለተኛው ቋንቋ ውስጥ የመንከር ዘዴ፣ ከዚያች አንዲት ክፍል የመነጨ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሙከራውን ለዓለም ያስተዋወቀው መጽሐፍ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ሊቅ በነበሩት በዋላስ ላምበርትና በባልደረባቸው በሪቻርድ ታከር ተዘጋጅቶ በ1972 ዓ.ም. የታተመው «የልጆች የሁለት ቋንቋ ትምህርት፤ የሴንት ላምበርት ሙከራ» ነው። (የሊቁና የከተማዋ ስም መመሳሰል በአጋጣሚ የሆነ ነው።) መጽሐፉ ከታተመ ግማሽ ምዕት ዓመት ያለፈ ቢሆንም፣ የማስተማሪያ ቋንቋን ጉዳይ የሚያጠኑ ፕላን አውጪዎች ዛሬም ከመደርደሪያቸው ያወርዱታል። ስለሆነም ምን እንደሚልና ምን እንደማይል መመርመር ያለፈ ጉዳይን መቀስቀስ አይደለም።

የዚህ ሂስ ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው። መጽሐፉ የልጆቹን ውጤት በጥንቃቄ ለክቷል። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙትን፣ ያስተዳደሩትንና ያስተማሩበትን ሰዎች እንደ ሁኔታ እንጂ እንደ ምክንያት አልቈጠራቸውም። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ያለው ግን በመጨረሻ፣ በአባሪነት ነው። ሠንጠረዡን ብቻ አንብቦ አባሪውን የዘለለ ፕላን አውጪ ዘሩን ወስዶ መሬቱን እንደ ረሳ ገበሬ ይሆናል።

1. የመጽሐፉ ይዘትና ብርታት

በቅድሚያ ለሥራው የሚገባውን ዋጋ መስጠት ተገቢ ነው። የፕሮግራሙ አደረጃጀት ግልጽ ነበር። በመዋዕለ ሕፃናትና በ1ኛ ክፍል ትምህርቱ በሙሉ በፈረንሳይኛ ይሰጣል፤ ልጆቹ ማንበብና መጻፍ የሚጀምሩትም በፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛ በ2ኛ ክፍል እንደ አንድ የትምህርት ዐይነት ሆኖ በቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ይገባል። ከዚያ በኋላ ድርሻው ከዓመት ወደ ዓመት እያደገ ሄዶ በመጀመሪያ ደረጃ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ሰዓቱን ይካፈሉታል።

ተመራማሪዎቹ የእነዚህን ልጆች ውጤት ከሁለት ዐይነት ማነጻጸሪያ ክፍሎች ጋር አስተያይተዋል። አንደኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆነው በተለመደው ፕሮግራም በእንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ክፍል ሲሆን፣ ሁለተኛው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነው በፈረንሳይኛ የሚማሩ ልጆች ክፍል ነው። ክፍሎቹ በአእምሮ ችሎታ መለኪያና በቤተሰብ የኑሮ ደረጃ እንዲመሳሰሉ ተደርጓል። ከዚህም በላይ በመጀመሪያው ክፍል የታየው ውጤት የአጋጣሚ እንዳይሆን በማለት ከአንድ ዓመት በኋላ የገባውን ሁለተኛ ክፍል በዚያው መልክ ተከታትለዋል። ይህ ዐይነቱ ትዕግሥት በትምህርት ጥናት ዘርፍ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የተገኘውም ውጤት ብዙዎች የፈሩትን የሚያስቀር ነበር። ልጆቹ በ1ኛ ክፍል መጨረሻ በእንግሊዝኛ ንባብ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። እንግሊዝኛ በትምህርትነት ከተጀመረ በኋላ ግን ጉድለቱ በአጭር ጊዜ ተሟላ። ሒሳብን በፈረንሳይኛ ተምረው በእንግሊዝኛ ሲፈተኑ ከእኩዮቻቸው አላነሱም። በአእምሮ እድገታቸውም ላይ ጉዳት አልታየም። ፈረንሳይኛን ሰምቶና አንብቦ በመረዳት ረገድ ለባለቋንቋዎቹ ልጆች የቀረበ ደረጃ ላይ ደረሱ፤ በንግግርና በጽሕፈት ግን በተለይ የስሞችን ጾታ በመሳሰሉት ሰዋስዋዊ ጉዳዮች ስሕተታቸው ቀጥሎ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲታይ መጽሐፉ ለጠየቀው ጥያቄ በቂ መልስ ሰጥቷል ማለት ይቻላል። ጥያቄው «ልጆቹ ይጐዳሉ ወይ?» የሚል ነበር፤ መልሱም «አይጐዱም» ሆነ። ነገር ግን ፕላን አውጪው ሊጠይቀው የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህን ያስቻለው ማን ነው?» የሚለው ነው።

2. በአባሪ የተቀመጡት ወላጆች

በመጽሐፉ መጨረሻ ያለውን አባሪ የጻፉት ኦልጋ ሜሊኮፍ የተባሉ የሴንት ላምበርት ነዋሪ ናቸው። ኦልጋ ሜሊኮፍ፣ ሙሪየል ፓርክስና ቫለሪ ኒል የሙከራው መሥራቾች እየተባሉ በትምህርት ታሪክ የሚጠሩት ሦስት እናቶች ናቸው። ሦስቱም የትምህርት ባለሥልጣኖች አልነበሩም።

ነገሩ የጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። ጊዜው ኬቤክ በፍጥነት የምትለወጥበት ጊዜ ነበር። ከሕዝቡ ከመቶ 80 የሚሆነው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆኖ ሳለ በሞንትሪያል የንግዱና የኢንዱስትሪው ዓለም ቋንቋ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነበር። ይህ ሁኔታ እንደማይዘልቅ አርቀው የተመለከቱ ጥቂት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች፣ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን ለዓመታት ቢማሩም ከጎረቤት ልጅ ጋር መነጋገር የማይችሉ ሆነው እንደሚወጡ አስተዋሉ። እነርሱ ራሳቸውም በዚያው መንገድ አልፈው ቋንቋውን ሳይዙ የቀሩ ነበሩ። ስለዚህ በአንድ ቤት ተሰብስበው የጥናት ቡድን አቋቋሙ።

የቡድኑ አሠራር ትኩረት የሚገባው ነው። በመጀመሪያ ጥያቄያቸውን ለአካባቢው የትምህርት ቦርድ በጽሑፍ አቀረቡ፤ ቦርዱም አልተቀበለውም። በዚህ ጊዜ ቡድኑ ወደ ክርክር ብቻ አላመራም፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰጥ የፈረንሳይኛ ትምህርት በራሱ ወጪ አደራጀ እንጂ። ይህም በከተማው ውስጥ ፍላጎቱ መኖሩን በተግባር አስመሰከረ። ቀጥሎ ወደ ሊቃውንቱ ሄደ። በ1962 ዓ.ም. ከኤልዛቤት ፒል ጋር ባደረጉት ጥናት የሁለት ቋንቋ ባለቤት የሆኑ የ10 ዓመት ልጆች በአእምሮ መለኪያዎች ብልጫ እንዳሳዩ ያስታወቁትን ዋላስ ላምበርትን፣ እንዲሁም በሕፃንነት የሚጀመርን የቋንቋ ትምህርት ይደግፉ የነበሩትን ዝነኛውን የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሊቅ ዋይልደር ፔንፊልድን አማከሩ። የሊቃውንቱን ቃል ይዘው ወደ ቦርዱ ተመለሱ። ከሁለት ዓመት ውትወታ በኋላ አንድ ክፍል ተፈቀደላቸው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ይታያል። ሊቃውንቱ ወደ ወላጆቹ አልመጡም፤ ወላጆቹ ወደ ሊቃውንቱ ሄዱ እንጂ። ፕሮግራሙም ከላይ በመመሪያ የወረደ ሳይሆን ከታች በጥያቄ የወጣ ነው። በመጽሐፉ የጥናት ክፍል ውስጥ ግን ወላጆቹ የሚታዩት በዋናነት የኑሮ ደረጃቸው የተመዘገበና አስተያየታቸው የተጠየቀ ሰዎች ሆነው ነው። ማነጻጸሪያ ክፍሎቹ በገቢና በአእምሮ ችሎታ እንዲመሳሰሉ ማድረግ ይቻላል። ልጁን ወዳልተሞከረ መንገድ በፈቃዱ ያስገባ፣ ማታ ማታ ስብሰባ የሚቀመጥ፣ ልጁ በ1ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ማንበብ ሲያቅተው ያልደነገጠ ወላጅን ግን በምን ሚዛን ማመሳሰል ይቻላል? የዚህ ዐይነቱ ጽናት በሠንጠረዥ አይገባም፤ ውጤቱ ግን በሠንጠረዡ ውስጥ አለ።

3. ሳይቀበል የፈቀደው ቦርድ

የትምህርት ቦርዱ አቋም ሁለተኛው ሊጤን የሚገባው ጉዳይ ነው። ሜሊኮፍ እንደሚተርኩት ቦርዱ ክፍሉን የፈቀደው አምኖበት አልነበረም። ፈቃዱ ከኃላፊነት ጋር የመጣ አልነበረም፤ ሐሳቡ ቢከሽፍ ጥፋቱ የጠየቁት ይሆናል የሚል መንፈስ ነበረው። ስለዚህም ወላጆቹ አንዱን ክፍል ካስከፈቱ በኋላ ለሚቀጥለው ክፍል እንደገና መሟገት ግድ ሆነባቸው።

አስተዳዳሪው አካል እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ሲገኝ ሥራው በሁለት መንገድ ይጐዳል። በመጀመሪያ ደረጃ የረጅም ጊዜ ፕላን አይኖርም። ለ2ኛ ክፍል የሚሆን የፈረንሳይኛ የሳይንስ መጽሐፍ ከ1ኛ ክፍል መጨረሻ በፊት መታሰብ አለበት፤ የ2ኛ ክፍል መኖር ራሱ እርግጠኛ ካልሆነ ግን ማን ያስበዋል? በሁለተኛ ደረጃ አስተዳዳሪው ባለቤት ያልሆነበት ፕሮግራም ባለቤቶቹ ሲደክሙ ይወድቃል። የሴንት ላምበርት ወላጆች አልደከሙም፤ ይህ ግን ለሌላው ቦታ ሁሉ ዋስትና አይሆንም።

በአንጻሩ ለቦርዱም ፍትሕ መስጠት ያስፈልጋል። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር አካል የ26 ቤተሰቦችን ፍላጎት ብቻ ተመልክቶ ሊወስን አይችልም። ከማይታወቅ ነገር መጠንቀቅም የአስተዳዳሪ ግዴታ ነው። የሚተቸው መጠንቀቁ ሳይሆን ጥንቃቄውን ወደ ሥራ አለመለወጡ ነው። ጠንቃቃ አስተዳዳሪ ሙከራውን ራሱ ይመራል፣ ራሱ ይመዝናል፣ ራሱ ይቀጥላል ወይም ራሱ ያቆማል። በሴንት ላምበርት ይህን ተግባር ተመራማሪዎቹና ወላጆቹ ተካፍለው ያዙት።

4. አስተማሪዎቹና የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር

በሙከራው ክፍሎች የተመደቡት አስተማሪዎች አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ፈረንሳይኛ የሆነ ነበሩ። ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። በዚያን ጊዜ ግን ከ1867 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ጀምሮ ዋስትና የተሰጠው የኬቤክ የትምህርት አስተዳደር በሃይማኖት የተከፈለ ነበር። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው በአብዛኛው በካቶሊክ ቦርዶች፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪው በአብዛኛው በፕሮቴስታንት ቦርዶች ሥር ይተዳደር ነበር። በዚህም ምክንያት በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቶች ፈረንሳይኛን ያስተምሩ የነበሩት ብዙዎቹ ራሳቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ቦርዶቹ በሃይማኖት መከፈላቸው ቀርቶ በቋንቋ የተደራጁት በ1998 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የሴንት ላምበርት ወላጆች የጠየቁት የማስተማሪያ ዘዴ ለውጥ ብቻ ሳይሆን የአስተማሪ ቅጥር ልማድ ለውጥም ነበር።

ተመራማሪዎቹ ስለ አስተማሪዎቹ የአሠራር ዘዴ መጠነኛ መግለጫ ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ አስተማሪዋ በሌላ ቋንቋ በሚተዳደር ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትሠራ ከማን ጋር እንደምትመክር፣ ሥራዋን ቋንቋውን የማያውቅ ዲሬክተር ቢጐበኘው ምን ሊመዝን እንደሚችል የሚመረምር ምዕራፍ መጽሐፉ የለውም። ይህ ክፍተት ኋላ በሌሎች ጥናቶች በከፊል ተሞልቷል። በ1981 ዓ.ም. ሻሮን ላፕኪንና ባልደረቦቿ በኦንታሪዮ ባደረጉት ጥናት ሁለት ዐይነት ትምህርት ቤቶችን አነጻጽረዋል። አንደኛው ዐይነት ትምህርት ቤቱ በሙሉ የንክር ትምህርት የሚሰጥበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የንክር ክፍሎችና መደበኛ የእንግሊዝኛ ክፍሎች በአንድ ጣራ ሥር የሚገኙበት ነው። በመጀመሪያው ዐይነት ፈረንሳይኛ ከክፍል ውጭም ይሰማል፤ ተማሪዎቹም በአንዳንድ መለኪያዎች የተሻለ ውጤት አሳይተዋል።

የዚህ ምክንያት ለማንም አስተማሪ ግልጽ ነው። ቋንቋ በክፍል ውስጥ ብቻ ተወስኖ ከቀረ ተማሪው እንደ አንድ የትምህርት ዐይነት ይመለከተዋል። የደወሉ ማስታወቂያ፣ የጸሐፊዋ ሰላምታ፣ የዘበኛው ተግሣጽና የዲሬክተሩ ንግግር በዚያው ቋንቋ ሲሆን ግን ልጁ ቋንቋው የኑሮ መሣሪያ መሆኑን ሳይነገረው ይረዳል። ስለዚህ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤትን የሚመራ ሰው የሁለቱ ቋንቋ ሰው ሊሆን ይገባዋል ማለት የክብር ጉዳይ ሳይሆን የአሠራር ጉዳይ ነው።

ከአስተማሪው አሠራር ጋር የተያያዘ ሌላም ነጥብ አለ። የሴንት ላምበርት ልጆች ሰምተው በመረዳት ለባለቋንቋዎቹ ቀርበው ሳለ በንግግር ለምን ወደ ኋላ ቀሩ? መጽሐፉ ጉድለቱን መዘገበ እንጂ መንስኤውን አላገኘም። ሜሪል ስዌይን በ1985 ዓ.ም. ባቀረበችው ሐሳብ መሠረት ልጆቹ ቋንቋውን በብዛት ይሰማሉ፤ ራሳቸው አስረዝመው እንዲናገሩ የሚገደዱበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። እርሷና ባልደረቦቿ በንክር ክፍሎች ባደረጉት ምልከታ ከተማሪዎቹ ንግግር መካከል ከአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር የሚረዝመው ከመቶ 15 እንደማይሞላ አሳይተዋል። አስተማሪው ሲናገር ውሎ ተማሪው በአንድ ቃል ሲመልስ የሚውልበት ክፍል ኬቤክ ብቻ የሚገኝ አለመሆኑን ይህን የሚያነብ አስተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

5. መዛኝም ደጋፊም የነበሩት ተመራማሪዎች

ሌላው የሚተች ነጥብ የተመራማሪዎቹ ቦታ ነው። ላምበርት ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ለወላጆቹ ምክር የሰጡና ሐሳባቸውን የደገፉ ናቸው። ኋላም የውጤቱ መዛኝ ሆኑ። ይህን ማንሣት በሐቀኝነታቸው ላይ ጥርጣሬ ለመጣል አይደለም። መጽሐፉ ለሐሳቡ የማይመቸውንም ውጤት ሳይሸሽግ አቅርቧል። ለምሳሌ የንክር ትምህርቱ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ያሳዩት የነበረው በጎ አመለካከት በኋለኞቹ ክፍሎች እየቀነሰ መሄዱን ደራሲዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ከሙከራው ትልልቅ ተስፋዎች አንዱ የሁለቱን ሕዝቦች መቀራረብ ስለ ነበር ይህን መግለጽ ቀላል አልነበረም።

ሆኖም ተመራማሪው በትምህርት ቤቱ ውስጥ መገኘቱ ራሱ የአስተዳደር ኃይል ነው። በየዓመቱ በዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሚፈተን ክፍል ያለ አስተማሪ አይቀርም፤ ለዘብተኛው ቦርድም ክፍሉን በቀላሉ አይዘጋውም። ወላጁ በሥጋት ጊዜ የሚያጽናናው የፈተና ውጤት በእጁ አለ። እነዚህ ሁሉ ለሴንት ላምበርት ነበሩ። ነገ ያለ ተመራማሪ የሚከፈት ትምህርት ቤት እነዚህን አያገኝም።

በዚሁ አኳኋን የሙከራው መነሻ የነበረው የዕድሜ ሐሳብም ኋላ በጥናት ተለዝቧል። ፔንፊልድና ላማር ሮበርትስ በ1959 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ የሕፃን አንጎል ለቋንቋ ያለውን ዝግጁነት አጉልተው ነበር። ነገር ግን ፍሬድ ጀኒሲ በሞንትሪያል ባደረጋቸው ጥናቶች በ7ኛ ክፍል ዕድሜ ገደማ ጀምረው ለሁለት ዓመት በንክር የተማሩ ልጆች በብዙ መለኪያዎች ከመዋዕለ ሕፃናት ከጀመሩት ጋር የተቀራረበ ውጤት አግኝተዋል። እንግዲህ የሴንት ላምበርት ስኬት የዕድሜ ስኬት ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

6. ሙከራው ሥርዐት ከሆነ በኋላ

የንክር ትምህርት ከሴንት ላምበርት ተነሥቶ በመላው ካናዳ ተስፋፋ። የ1969 ዓ.ም. የሁለቱ ቋንቋዎች አዋጅ መንገዱን አመቻቸ። በ1977 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ተደረጉ። በኬቤክ ፈረንሳይኛን የመንግሥትና የሥራ ቋንቋ ያደረገው 101ኛው ሕግ ወጣ፤ በካናዳ ደረጃ ደግሞ ለፈረንሳይኛ የቆሙ የካናዳ ወላጆች ማኅበር ተቋቋመ። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በንክር ትምህርት የሚማሩት ልጆች ቊጥር ከ400 ሺህ በላይ ሆኗል።

መስፋፋቱ ግን ቀደም ሲል የተጠቀሰውን የአስተዳደር ጥያቄ አላስቀረውም፤ አጐላው እንጂ። አስተማሪ ማግኘት በየክፍለ ሀገሩ ዋና ችግር ሆኖ የካናዳ የኦፊሴል ቋንቋዎች ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በ2019 ዓ.ም. ስለዚሁ ጉዳይ ጥናት እስከ ማውጣት ደርሷል። በሌላ በኩል ፕሮግራሙን የሚመርጡት ይበልጡን ኑሮ የተመቻቸላቸው ወላጆች በመሆናቸው፣ በመደበኛው ክፍል የሚቀሩት ልጆች ድጋፍ የሚሹት ይሆናሉ የሚል ክርክር ተነሣ።

ይህ ክርክር በጉልህ የታየው በኒው ብረንዝዊክ ክፍለ ሀገር ነው። በ2008 ዓ.ም. የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ከ1ኛ ክፍል የሚጀምረውን የንክር ትምህርት ለማቆም ወሰነ። ወላጆች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ ፍርድ ቤቱም ውሳኔው በቂ ምክክር ያልተደረገበት መሆኑን አይቶ ሻረው። መንግሥት ካማከረ በኋላ መጀመሪያውን 3ኛ ክፍል አደረገ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 1ኛ ክፍል መለሰው። በ2022 ዓ.ም. ፕሮግራሙን በሌላ ለመተካት አዲስ ፕላን ወጣ፤ በየካቲት 2023 ከሕዝብ ስብሰባዎች ተቃውሞ በኋላ ተሰረዘ። በ15 ዓመታት ውስጥ የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ጊዜ ተቀየረ ማለት ነው። መንግሥት ያነሣው የእኩልነት ጥያቄ እውነተኛ ነበር፤ ወላጆቹ ያነሡት የባለቤትነት ጥያቄም እውነተኛ ነበር። ሁለቱን አስቀድሞ በአንድ ጠረጴዛ የሚያገናኝ የአስተዳደር ሥርዐት ስላልነበረ የተገናኙት በፍርድ ቤትና በተቃውሞ አዳራሽ ሆነ።

7. ለአገራችን አስተማሪና ፕላን አውጪ ያለው ትርጉም

የፈረንሳይኛ ትምህርት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ በነበሩት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ዋናው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮም የገብረ ማርያም ትምህርት ቤት በዚሁ ቋንቋ ሲያስተምር ቆይቷል። ሴንት ላምበርት በአገራችን ክርክር ውስጥ የሚጠቀሰው ግን ይበልጡን ስለ እንግሊዝኛ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ የሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ እንዲሆን ወስኗል። በከተሞች ግን ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ሕፃናቱን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ የካናዳ ልጆች አልተጐዱም የሚለውም መከራከሪያ ይቀርባል።

መከራከሪያው በሦስት ምክንያት አይጸናም።

ሀ/ የሴንት ላምበርት ልጆች አፍ መፍቻ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። በቤት፣ በመጽሐፍ፣ በራዲዮና በቴሌቪዥን ጠግበውታል፤ ትምህርት ቤት ለሁለት ዓመት ቢነፍጋቸው አይጠፋም ነበር። ላምበርት ራሳቸው ኋላ ይህን ልዩነት ለይተው፣ አንደኛውን በነበረው ላይ የሚጨምር፣ ሌላውን ከነበረው ላይ የሚቀንስ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ብለውታል። በቤቱ መጽሐፍ የሌለውና በቋንቋው የተጻፈ ብዙ ነገር የማያገኝ ልጅ በሌላ ቋንቋ ብቻ ሲማር የሚያተርፈው ሳይሆን የሚከስረው ያመዝናል።

ለ/ የሴንት ላምበርት አስተማሪዎች በሚያስተምሩበት ቋንቋ የተወለዱ ነበሩ። የልጆቹንም ቋንቋ የሚረዱ በመሆናቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጁ በእንግሊዝኛ ሲናገር ይገባቸው ነበር። የሚያስተምርበትን ቋንቋ ራሱ በመጽሐፍ ተምሮ በችግር የሚናገር አስተማሪ፣ የሚያሳዝነው ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን ያለ ዝግጅት የመደቡት ሰዎች ቢሆንም፣ ልጆችን በቋንቋ ሊነክር አይችልም።

ሐ/ የሴንት ላምበርት ወላጆች ምን እንደሚመርጡ ያውቁ ነበር። ጠይቀው፣ ተከራክረው፣ ክፉውንም ደጉንም ሰምተው ገቡ። እንግሊዝኛ ስለ ተባለ ብቻ ልጁን የሚያስገባና በውስጡ የሚደረገውን የሚከታተልበት መንገድ የሌለው ወላጅ ከእነርሱ ጋር በአንድ አይቈጠርም።

እነዚህ ሦስት ነጥቦች ሁሉም ስለ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ልጁ ቤተሰብ፣ ስለ አስተማሪውና ስለሚወስነው ወላጅ። አንዱም በመጽሐፉ ሠንጠረዦች ውስጥ አይገኝም።

ማጠቃለያ

የላምበርትና የታከር መጽሐፍ የዘመኑ ታላቅ ሥራ ነው፤ ዛሬም መነበብ ይገባዋል። ልጆች በሁለተኛ ቋንቋ ተምረው የመጀመሪያውን ሳያጡ ሊያድጉ እንደሚችሉ በሥርዐት አሳይቷል። ጉድለቱ ውጤቱን ከዘዴው ጋር አስተሳስሮ ዘዴውን ከያዙት ሰዎች ጋር አለማስተሳሰሩ ነው። ከዚህም የተነሣ ዘዴው ያለ ሰዎቹ ሊወሰድ የሚችል ዕቃ መስሎ ታየ።

ስለዚህ አንድ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤት ይከፈት የሚል ሐሳብ ለፕላን አውጪ በቀረበ ጊዜ፣ በስንተኛ ክፍል ይጀመር ከሚለው በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። ዲሬክተሩ ሁለቱን ቋንቋዎች ያውቃልን? አስተማሪው ልጆቹ የሚናገሩትን የሚረዳና የሚያስተምርበትን ቋንቋ አሳምሮ የሚናገር ነውን? ወላጆቹ በየጊዜው ተሰብስበው የሚጠይቁበትና የሚሰሙበት ቦታ አለን? የሚፈቅደው ባለሥልጣን ነገ ለሚሆነው ራሱ ኃላፊ ነውን? ለእነዚህ መልስ ያለው ትምህርት ቤት የሚጀምርበት ክፍል ቢዘገይም ይደርሳል፤ መልስ የሌለው ግን ከመዋዕለ ሕፃናት ቢጀምርም አይደርስም።

«ከአያያዝ ይቀደዳል፤ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላል የአገራችን ሰው። የሴንት ላምበርት ሊቃውንት አነጋገሩን ለክተውልናል። አያያዙን ለማወቅ አባሪውን ማንበብ ያስፈልጋል።